ቤቱ መሬት የለውም

ሰኔ 4

መኪናዬ ገባች! ባለ ሞተር የስፌት መኪና፣ የራሴ! ሁለተኛ እጅ ናት፣ ግን ማን ያውቅባታል… ባሌና ጓደኛው ተሸክመው አመጧት። በሩ ጠበባቸው፣ አጋደሏት፣ እኔ "ቀስ! ቀስ!" ስል ሰፈሩ ሁሉ ሰማ። ባሌ አውቶቡስ ነጂ ነው። "እንግዲህ ከዛሬ ጀምሮ ቤታችን ሁለት ሹፌር አለው" ብሎ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

አከራያችን እትዬ ከነቁልፋቸው ወጡ። አስራ ምናምን ቁልፍ ታስሮ ወገባቸው ላይ ይንጫጫል፤ ሳይታዩ ይሰማሉ።

"ምንድን ናት?"

"የስፌት መኪና ናት፣ እትዬ።"

"ትጮሃለች?"

"ኧረ እንደ ድመት ነው የምታንኮራፋው።"

"ድመት ከሆነችማ ትግባ።" እጃቸውን እያሻሹ ተመለሱ። ቁርጥማት አለባቸው። ሁሌ ቅባት ቅባት ይሸታሉ።

በሰው ሱቅ፣ በሰው መኪና፣ የሰው ልብስ ስሰፋ ስምንት ዓመት። ከነገ ጀምሮ ጠዋት ጠዋት፣ ስራ ሳልገባ፣ አንድ ሰዓት ለራሴ። ዛሬ እንቅልፍ የሚወስደኝ አይመስለኝም።

ሰኔ 5

ነዘረችኝ!

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ገና ከአልጋ ወርጄ በባዶ እግሬ፣ የመጀመሪያዋን ስፌት ልሰፋ ስል… ብረቷን ነካ ሳደርግ ጥዝዝ! እስከ ክርኔ። ጮህኩ። ባሌ ከግቢ እየሮጠ መጣ፣ የዝናብ ቦት ጫማውን እንዳደረገ።

"ቆይ እኔ ልያት።" መዳፉን ጫነባት። ምንም። ደገመ። ምንም። "አየሽ? ሹፌር ታውቃለች።"

ማታ ስመለስ በጣቴ ጫፍ ሞከርኳት። ምንም የለም! የራሴን አንድ ሱሪ አሳጠርኩባት፣ እንደ ድመት እያንኮራፋች። ታዲያ የጠዋቱ ምን ነበር? አለምኩ?

ሰኔ 8

አላለምኩም። ዛሬም ጠዋት ነዘረችኝ። ባሌ ጎማ ቦቱን አድርጎ መጥቶ እንደገና ነካት፣ እንደገና ምንም። "ነርቭ ይሆናል፣ ብትታዪ አይሻልም?" አለኝ። የሰላሳ ዓመት ሴት ነርቭ አወጣልኝ።

ስወጣ እትዬን በረንዳ ላይ አገኘኋቸው። "እጄን ነዘረኝ፣ እትዬ" አልኳቸው፣ ስለ መኪናዋ ልነግራቸው ብዬ። አላስጨረሱኝም። "እኔንስ መቼ ተወኝ! ሁለት ዓመቴ! ይነዝረኛል፣ ይነዝረኛል… ቁርጥማት ነው ልጄ፣ ወጣት አይልም።" ከደረታቸው የቅባት ብልቃጥ አውጥተው መዳፌ ላይ ጨመቁልኝ። ምን ልበል? ተቀባሁ። ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ደንበኞች ሲያሸቱኝ ዋሉ።

አስር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይላል የኛ ሙያ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እየለካሁ ነው። በነዘረችኝ ቁጥር ሰዓቱን እዚህ እጽፋለሁ።

ሰኔ 11

ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ፣ ነዘረችኝ። ጮህኩ። ባሌ ካልጋው ሳይነሳ፦ "እንኳን ደስ ያለሽ።"

ሰኔ 13

ቁጥሬን አየሁት። ሰባት ቀን ጠዋት ሞክሬ አምስት ቀን ነዝራኛለች። ማታ አንድም ቀን የለም! ሁልጊዜ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ባለው። ቆይ… ይቺ መኪና ሰዓት ታያለች እንዴ? እኔ ደግሞ ከመፍራት ይልቅ ደስ ደስ እያለኝ ነው። እንቆቅልሽ ማን ይጠላል?

የስራ ባልደረባዬ እህት ኤሌክትሪሻን ናት አሉ። ነገ ከሰዓት ትመጣለች።

ሰኔ 14

እንዴት ያለች ልጅ መሰለችሽ! (ለማን ነው የምጽፈው? ለራሴ። እሺ፣ እንዴት ያለች ልጅ መሰለችኝ!) ቀጭን፣ ፈጣን፣ ካቻቪቴዋን እንደ እርሳስ ጆሮዋ ላይ ሰክታ ገባች። ሶኬቱን በአንድ ደቂቃ ከግድግዳው አወጣችው። የሽቦ አንጀቱ ሁሉ ወጣ። ተንበርክኬ አብሬያት አየሁ፣ ልክ ገበሩ የተተረተረ ኮት ማየት ነው።

"ሶስት ቀዳዳ አለው አይደል?" አለችኝ። "ሶስተኛው ለጌጥ ነው።"

"እንዴት ለጌጥ?"

"ሶስተኛው ሽቦ መሬት ነው የሚባለው። መብራት ሲሳሳት በሱ በኩል ሮጦ መሬት ይገባል። ያንቺን ሶስተኛ ሽቦ ከውሃ ቧንቧ ጋር ነው ያሰሩት። ድሮ ቧንቧው ብረት ስለነበር ይሰራ ይሆናል። አሁን ከበሩ ጀምሮ ፕላስቲክ አድርገውታል። ስለዚህ ቤቱ መሬት የለውም።"

"መሬት ከሌለውስ?"

"መብራቱ መውጫ ይፈልጋል። ባዶ እግሩን የቆመ ሰው ካገኘ በሱ ይወጣል። አንቺን አገኘ።"

"ባሌንስ?"

"ምን አድርጎ ነው የነካት?"

"ቦት ጫማ።"

እየሳቀች ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ጎማ መብራት አያሳልፍማ! ጀግናዬ በጎማ ላይ ቆሞ ነው ለካ አስር ቀን ሙሉ የተኩራራብኝ።

ግን ለምን ጠዋት ብቻ? "ከአንድ ቦታ ወደ ቧንቧው የሚያፈስ ነገር አለ" አለች። "ጠዋት የሚበራ ዕቃ። የአከራይሽን ቤት ሳላይ አላውቅም።" እትዬ አልነበሩም፣ ለእጃቸው ሐኪም ቤት ሄደዋል። ቆጣሪው ጋ ያለውን ሳጥን ብቻ ከፈተችው። በፊውዙ ቦታ ምስማር! ምስማር አስገብተውበታል!

"ይሄ ፊውዝ አይደለም" አለች፣ "ይሄ ግዴለም ባይ ነው። ሰው ቢሞት እንኳን አይቆርጥም።"

እዚህ ላይ መሳቄን አቆምኩ።

ስትሄድ ትርፍ ቴስተሯን ሰጠችኝ። ካቻቪቴ ትመስላለች፣ መሀሏ ላይ ትንሽ ቀይ መብራት አላት። ኤሌክትሪክ ያለበትን ስትነካ ትበራለች።

ሰኔ 15

ያልነካሁት የለም። ማብሪያ፣ ማጥፊያ፣ ካውያ፣ የሬዲዮኑ ጀርባ። ባሌን ሳይቀር ነካሁት። አልበራም። "ጠርጥሬ ነበር" አልኩት።

ለእትዬ ግን መንገር አለብኝ። በጊዜ በራቸውን ዘግተዋል፣ ነገ ደግሞ እኔ በጠዋት እወጣለሁ። ወረቀት ጽፈን በበራቸው ስር ብንሰድስ? እኔ ጻፍኩ፦ "ይድረስ ለእትዬ። ባለሙያ አምጥተን ብናሳይ፣ ቤቱ መሬት የለውም ብላናለች። ይህ ትልቅ አደጋ ስለሆነ ሳይውል ሳያድር እንነጋገር።"

ባሌ አነበበና "ክብደት ይጎድለዋል" አለ። ወስዶ ከስር ጨመረበት፦ "ይህ ካልሆነ ጉዳዩን ለሚመለከተው አካል ለማሳወቅ እንገደዳለን።" የሚሰራበት መስሪያ ቤት ማስታወቂያ ሁሉ እንዲህ ነው የሚያልቀው። ቆንጆ ሆነ። ሰደድነው።

ሰኔ 16

ኧረ ጉድ!

ጠዋት በሩ ሲደበደብ ቤቱ የተቃጠለ መስሎኝ ነበር። እትዬ። ወረቀታችንን ጨብጠዋል። ቁልፎቹ ይንጫጫሉ።

"ማን ልኮሽ ነው?"

"እትዬ፣ ምን…"

"ማን ነው የላከሽ? እነሱ ናቸው? ሃያ ሁለት ዓመት የኖርኩበትን! ባለሙያ አምጥታ አስለካችው! በጓሮዬ ገብታ! አጎረስኩሽ፣ ጣቴን ነከስሽ!"

"እትዬ፣ ሽቦውን እኮ ነው…"

"በአስራ አምስት ቀን ቤቴን ልቀቁልኝ!"

ሄዱ። ባሌና እኔ ተያየን። ምን በደልናቸው? ከሞት እናድናቸው ብለን… ስራ ቦታ ሁለት ጊዜ እጅጌ ገልብጬ ሰፋሁ።

ሰኔ 17

ገባኝ! ወይ እኔ… ወይ እኛ!

በር ላይ ያለው ባለሱቅ ነው የነገረኝ። የእትዬ ባል ሲሞቱ የሟቹ ወንድሞች መጥተው "ቤቱ ያንቺ፣ መሬቱ የኛ" አሏቸው። ግቢያቸው መሀል ችካል ተከሉባቸው። ስድስት ዓመት ተካሰሱ። ስድስት ዓመት! ብቻቸውን ፍርድ ቤት ተመላልሰው ረቱ። እስከ ዛሬ የቤቱን ካርታ ትራሳቸው ውስጥ አድርገው ነው የሚተኙት።

እኛ ደግሞ በበራቸው ስር ምን ብለን ሰደድን? "ቤቱ መሬት የለውም።" "ለሚመለከተው አካል"!

ለባሌ ስነግረው ሆዳችንን ይዘን ሳቅን፣ እንባችን እስኪወርድ። ከዚያ ያንን ወረቀት ሲያነቡ ምን እንደተሰማቸው አሰብኩት። አፈርኩ።

ሰኔ 18

በመስኮት አስረዳሁ።

"እትዬ! መሬት ያልነው ሽቦ ነው! የመብራት ሽቦ!"

ከውስጥ፦ "ሽቦውንም ይውሰዱት!"

ደህና። ነገ ሌላ ዘዴ።

ሰኔ 20

ሌላ ዘዴ የለም። ባሌ በአማላጅነት ገባ፣ ቦት ጫማውን አድርጎ፣ በትህትና። በሩ ሳይከፈት ተመለሰ። ከሰዓት ከደላላ ጋር አንድ ቤት አየን፣ ከዚህ ሁለት መንገድ ወዲያ። ሰፊ ነው፣ መስኮት አለው፣ መኪናዬን የማቆምበት ጥግ ሳይቀር መረጥኩ። ደላላውን ጠየቅኩት፦

"መሬት አለው?"

"ሁለት መቶ ካሬ" አለኝ።

ባሌ እየሳቀ ወጣ። እኔ ግን ቴስተሬን አውጥቼ አየሁ፣ ሶኬቱን ፈትቼም አየሁ (ደላላው አፉን ከፍቶ)። ሶስተኛው ሽቦ አለ፣ በደንብ ተስቦ ግቢው ውስጥ ተቀብሯል። ልንገባ እንችላለን። በዚህ ሳምንት።

ታዲያ ለምን ደስ አላለኝም? ከትላንት ጀምሮ ዝናቡ አላቆመም። እኛ ስንወጣ እትዬ ከዚያ ምስማር ጋር ብቻቸውን ይቀራሉ። የተቆጡ ሰው እኮ ናቸው እንጂ ክፉ ሰው አይደሉም።

ሰኔ 22

ደስታም ነው፣ ድንጋጤም ነው። በቅደም ተከተል…

ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ። ግቢው ውሃ አዝሏል። ዕቃ እየቋጠርኩ በመስኮት አያለሁ። እትዬ ያቺን ያለቀች ነጠላ ጫማቸውን አድርገው ወደ ግቢው ቧንቧ ወጡ። ቧንቧውን ያዙ። እጃቸውን መንጭቀው መለሱ። "ኡፍ! ይሄ ቁርጥማት!" አሉ። ብልቃጣቸውን ከደረታቸው አወጡ፣ ተቀቡ። ከዚያ እንደገና ወደ ቧንቧው…

ይነዝረኛል፣ ይነዝረኛል! ሁለት ዓመቴ! ይሄንኑ እኮ ነው የነገሩኝ! እኔ ስለ መኪናዬ ሳወራቸው እሳቸው ስለ ቧንቧው እያወሩኝ ነበር፣ ሁለታችንም ሳናውቅ!

የባሌን ቦት ጫማ እግሬ ላይ አጠለቅኩት፣ ግራና ቀኙን እንኳን ሳላይ። እየሮጥኩ "አይንኩት! እትዬ፣ አይንኩት!"

"ደግሞ ቧንቧውም ያንቺ ሆነ?"

መልስ አልሰጠሁም። ቴስተሯን ቧንቧው ላይ አሳረፍኩ። በራች። ቀይ ሆና ቦግ አለች።

እትዬ ጎንበስ ብለው አዩ። "ይሄ ምንድን ነው?"

"መብራት ነው።"

"ከቧንቧ?"

"ከቧንቧ። ቁርጥማት አይደለም የያዘዎት እትዬ። ኤሌክትሪክ ነው የያዘዎት።"

እጃቸውን አዩት። ቧንቧውን አዩት። "ጠዋት ጠዋት ነው የሚብስብኝ" አሉ ቀስ ብለው። "ሐኪሙ ብርድ ነው ብሎኝ…"

"ጠዋት ምን ያበራሉ?"

"ምን አበራለሁ… ሻወር ልወስድ ቦይለሩን ነዋ።"

ቦይለሩ! የውሃ ማሞቂያው! "ሄደው ያጥፉት እስቲ" አልኳቸው። ሄዱ፣ ቁልፎቹ እየተንጫጩ። ቴስተሯ ጠፋች። "ጠፋ!" ብዬ ጮህኩ። "አሁን ያብሩት!" በራች። "በራ!" አጠፉ፣ ጠፋ። አበሩ፣ በራ። ከዚያ ተራውን እሳቸው ቧንቧው ጋ ሊቆሙ ፈለጉ። ቦቱን አወለቅኩላቸው፣ አጠለቁት፣ እኔ ገብቼ ማብሪያው ጋ ቆምኩ። "አጥፊ! …ጠፋ! አብሪ! …ኧረ በራ!" ዘጠኝ ጊዜ ቆጥሬያለሁ። ባሌ በካልሲ በሩ ላይ ቆሞ ያየናል። "ያበዳችሁት ሁለታችሁም ናችሁ?"

እትዬ ቀና አሉ። ፊታቸው ተቀየረ። "ሁለት ዓመት!" አሉ። "ቧንቧው ታሞ እኔ መድኃኒት ስቀባ!" ሳቁ። ሳቁ፣ ሳቁና አለቀሱ። እኔም።

"በዚያ ሻወር ስር እየቆምኩ እኮ ነው የምታጠበው፣ ልጄ።"

"አውቃለሁ፣ እትዬ።"

ቴስተሯን አልመለሱልኝም። ያዟት። "መሬት ያልሽው ይሄንን ነው?" "ይሄንን ነው።" "ታዲያ እንደዚያ ብለሽ አትጽፊም?" "ጽፌ ነበር እኮ።" "ሰው በሚገባው አማርኛ ጻፊ!" ብለው ተቆጡ። ቁጣቸው እንዴት ጣፈጠኝ! ከዚያ የቋጠርኩትን ዕቃ በበሩ በኩል አዩት። "ይሄ ደግሞ ወዴት ነው? ፍቺው።"

ሰኔ 23

ከስራ ፈቃድ ጠየቅኩ። ይሄንን ሳላይ ስፌት የለም!

ኤሌክትሪሻኗ ጠዋት መጣች። መጀመሪያ ዋናውን አጠፋች፣ ምስማሩን ነቅላ ለእትዬ ሰጠቻቸው። ቦይለሩን ፈታች፣ ውስጡ ያለው ማሞቂያ ዝጎ ተሰነጣጥቋል። ያ ነው ወደ ቧንቧው ሲያፈስ የነበረው፣ ከቧንቧው ደግሞ በሶስተኛው ሽቦ አድርጎ መኪናዬ ጋ ይመጣል። ምስኪን መኪናዬ! ጥፋቷ ምንም አልነበረም፣ በሳምኳት ነበር ሰው ባያየኝ።

አዲስ ማሞቂያ፣ አዲስ ሳጥን፣ ሰው ሲነዘር ወዲያው የሚዘጋ ማብሪያ። ሁሉም ገባ። ቀረ መሬቱ። እኔን ቁመት የሚያክል የመዳብ ዘንግ ይዛለች፣ ግቢው ውስጥ ሊቀበር።

"የት ልምታው?" አለች። "እርጥብ ቦታ ጥሩ ነው።"

እትዬ ግቢውን ዞሩት። መሀሉ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። በእግራቸው መሬቱን ዳሰሱት። "እዚህ" አሉ። "እዚህ ነበር ችካላቸውን የተከሉት።"

ኤሌክትሪሻኗ ታሪኩን ሳታውቅ ዘንጉን እዚያው አቆመችው። እትዬ እጃቸውን ለመዶሻው ዘረጉ። ባሌ "እኔ ላግዝዎት" ሲል "አንተ ቦትህን ጠብቅ" አሉት። የመጀመሪያውን እሳቸው መቱ። ሁለተኛውንም። ያ ይነዝረኛል ሲሉት የኖሩት እጅ!

ባለሱቁ በአጥር ላይ ብቅ ብሎ "ምን እየሰሩ ነው እትዬ?" አለ።

"መሬት እያስገባሁ!"

ሐምሌ 2

ጠዋት አንድ ሰዓት ከሩብ። መኪና፦ ምንም። ቧንቧ፦ ምንም። ሰዓት መጻፍ እዚህ ላይ አበቃ።

ሐምሌ 9

እትዬ የቅባቱን ብልቃጥ አምጥተው ሰጡኝ፣ ግማሽ አለው። "ለባልሽ። ሹፌር ወገቡን ያመዋል።" እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ፣ እንደ ሙሽራ። ሐኪሙ ጋ ሄደው ምስማሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው "በሽታዬ ይሄ ነው" አሉት አሉ። የሐኪሙን ፊት ባየሁ!

ባሌ በበኩሉ በባዶ እግሩ ቆሞ መኪናዬን ነካት። ዓይኑን ጨፍኖ። "አየሽ?" ሲል እንኳን ድምፁ ትንሽ ቀጥኗል።

ሐምሌ 19

እሁድ። የኋላዋን ክፍል ሊከራይ አንድ ሰውዬ መጣ። መስኮቴ ክፍት ነው፣ እየሰማሁ እሰፋለሁ። እትዬ ክፍሉን አስጎበኙት። ጣሪያው፣ ወለሉ፣ መስኮቱ… ሰውዬው ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ እትዬ ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ደግሞ ቤቴ መሬት አለው።"

ሰውዬው ግራ ገባው። "ካርታ ማለትዎ ነው፣ እማማ?"

"ካርታማ ትራሴ ውስጥ አለ! ማን ስለ ካርታ ጠየቀህ? መሬት ነው የምልህ፣ መሬት! ና ላሳይህ።"

ቁልፎቻቸው መሀል ከተንጠለጠለች አዲስ ኪስ ውስጥ ቴስተሯን መዘው አወጡ። ያቺን ኪስ ትላንት ነው የሰፋሁላቸው። ጠንካራ ጨርቅ፣ ድርብ ስፌት። በራሴ መኪና ለሌላ ሰው የሰራሁት የመጀመሪያ ስራ ናት። በባዶ እግሬ ሆኜ ሰፋኋት።